አየር መንገድ ያስቀየረኝ ሻንጣ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰው አየር መንገድ የሚቀይረው ርካሽ ቲኬት ሲያገኝ ነው ይባላል። እኔን ግን ያስቀየረኝ ሻንጣ ነው። ስሙን ልተወውና፣ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ስመላለስ ለ8 ዓመት በአንድ አየር መንገድ ብቻ ነበር የምበረው። ባለፈው ዓመት ቦሌ ስደርስ አንዱ ሻንጣዬ የለም። ይሄ የትም ያጋጥማል፣ አልተናደድኩም። ያናደደኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ ስደውል ሙዚቃ፣ ቢሮ ስሄድ «ነገ ይመለሱ»፣ ነገ ስመለስ ደግሞ ሌላ ሰው ተቀምጦ ከ«ሀ» ጀምሬ እንዳስረዳው ይጠብቀኛል። የእናቴ የስኳር መለኪያ እዚያ ውስጥ ነበር (እሱስ የራሴ ጥፋት ነው፣ በእጄ መያዝ ነበረብኝ)። በ9ኛው ቀን ሻንጣው ዚፑ ተፈልቅቆ፣ በሲባጎ ታስሮ መጣ። ይቅርታ ያለኝ ሻንጣውን ያቀበለኝ ልጅ ብቻ ነው።

ቀጣዩን ቲኬት በኢስታንቡል በኩል ቆረጥኩ። መንገዱ ይረዝማል፣ ትራንዚቱም ያሰለቻል፣ ግን ሄድኩ። ያጠራቀምኩት ማይል (አየር መንገዱ ለበረርኩበት የሚሰጠኝ ነጥብ) አሳዝኖኛል፣ አልዋሽም። ማይል ማለት እኮ ደንበኛን ማሰሪያ ገመድ ነው፤ ከዚያ በፊት ቅር ሲለኝ ዝም ያልኩትም ለሱ ስል ነበር።

ለአንባቢዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። አየር መንገዶች በዓለም አቀፍ በረራ ለመንገደኛና ለሻንጣ ያለባቸውን ኃላፊነት በሚወስነው በ1999 እ.ኤ.አ. የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት፣ የተጎዳ ሻንጣ ከሆነ ከተረከባችሁ በ7 ቀን፣ የዘገየ ከሆነ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለባችሁ። እኔ ስለ ዚፑ በአፌ ብቻ ተናግሬ ቀኑ አለፈብኝ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከቨርጂኒያ