በሕፃን ፊት ላይ የሚቀባ ክሎቤታሶል ያለ ማዘዣ እስከ መቼ ይሸጣል?

በጅማ ከተማ የመድኃኒት ቤቶችን ቁጥጥር ለሚመሩ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

በቃልም በጽሑፍም አቤት ብለናል። «እናጣራለን» ተባልን። ያጣራ ግን የለም። ስለዚህ በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ።

የእህቴ ልጅ ገና አንድ ዓመቷ ነው። ጉንጮቿና የክርኗ እጥፋት ላይ ችፌ ወጣባት። ሌሊቱን ስታክ ታድራለች። እህቴ አዝላት መድኃኒት ቤት ገባች። ሻጩ ልጅቷን አየት አደረገና ክሎቤታሶል የሚባል የቆዳ ክሬም ሰጣት። ማዘዣ አልጠየቀም። የት እንደሚቀባ፣ ለስንት ቀን እንደሆነ አልነገራትም። ጉንጯ ቶሎ ጠራ። ክሬሙ ሲቆም ግን ብሶ ተመለሰ። እንደገና ሄደች፤ እንደገና ሸጡላት። ወራት ሲያልፉ የልጅቷ ጉንጭ ሳስቶ የደም ሥሮቿ ይታዩ ጀመር። ቆዳዋም ቦታ ቦታው ነጣ። እህቴ እስከ ዛሬ ራሷን ትወቅሳለች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም!

ክሎቤታሶል ከሚቀቡ ስቴሮይዶች፣ ማለትም የቆዳን መቆጣትና ማሳከክ ከሚያበርዱ መድኃኒቶች፣ በጣም ኃይለኛ ከሆኑት ነው። ለአዋቂ እንኳ ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም ክትትል ነው የሚታዘዘው። የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ መድኃኒቱ በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። ሰውነት የራሱን ሆርሞን እንዳያመርትም ሊያደርግ ይችላል። እኔ ተምሬው ነው፤ እርስዎ ግን ሥራዎ ነው።

ስቴሮይድ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ኋላ የቆዳ ሐኪም ያዘዘላት 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞንም ስቴሮይድ ነው። ግን ደካማው ነው፤ የታዘዘውም ለተቆጠሩ ቀናት ነው። ከዚያ ሌላ ሽታ የሌለው ቫዝሊን፣ ገላዋን ታጥባ ቆዳዋ ሳይደርቅ፣ በየቀኑ። ይህን ለመንገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ችፌ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። የእህቴ ልጅ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ በዘር ይመጣል፤ አስምና አለርጂ ባለበት ቤት ይበዛል። በረኪና ስትነካ የምትውል ሴት እጇ ሲሰነጣጠቅ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ጓንት ነው። የጆሮ ጌጥ ውስጥ ያለው ኒኬል የሚባል ብረት የሚያሳክካት ጌጡን ካላወለቀች ምንም ብትቀባ አይለቃትም። ከፎረፎር ጋር የሚመጣ ዓይነት አለ። እግር ላይ ከደም ሥር ችግር የሚመጣም አለ። ጭርት ደግሞ ችፌ ይመስላል እንጂ ፈንገስ ነው። ስቴሮይድ ሲቀባ ማሳከኩ ይበርድና ፈንገሱ ውስጥ ውስጡን ይስፋፋል። በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ ችፌ ሁልጊዜ ቀልቶ አይታይም፤ ጠቆር ወይም ግራጫ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ከባንኮኒ ጀርባ አንዴ አይቶ የሚለይ ማን ነው? ለሁሉም ግን የሚሸጠው ያው አንድ ቱቦ ነው።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ከእኔ በላይ ያውቁታል። በማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት በማዘዣ ብቻ ይሸጥ። አዲስ ነገር አልጠየቅንም።

ተቆጣጣሪዎችዎ መድኃኒት ቤት ሲገቡ የክሎቤታሶልን ሽያጭ ከማዘዣው ጋር ያመሳክሩ። ላቀረብነው አቤቱታም በጽሑፍ መልስ ይስጡን፦ ማን አጣራው? ምን ተገኘ? ምን እርምጃ ተወሰደ?