ባላውን በሽቦ አትጠፍሩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የግቢ ዛፍ መንታ ግንድ አውጥቶ ባላው መሰንጠቅ ሲጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሮጠው ሽቦ ፍለጋ ነው። ሁለቱን ግንዶች ዙሪያቸውን ጠፍሮ ያስራል፤ ስንጥቁን በሲሚንቶ የሚደፍንም አለ። ሁለቱም ጉዳት እንጂ ጥገና አይደሉም። ግንዱ በየዓመቱ ስለሚወፍር ሽቦው ቅርፊቱን ሰርስሮ ይገባና ምግብ የሚተላለፍበትን መስመር ያንቃል። ሲሚንቶውም ከዛፉ ጋር አይወዛወዝም፤ እርጥበት ይይዛል፣ መበስበሱንም ይደብቃል።

ባላውን ቀረብ ብሎ ማየት ይቀድማል። መገናኛው ሰፊ ሆኖ ቅርፊቱ ወደ ላይ ተገፍቶ ሸንተረር ከሠራ፣ እንጨቱ ከእንጨት ተያይዟል፤ ብዙም አያሳስብም። ጠባብ ሆኖ ቅርፊቱ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ግን በመሃል ያለው ቅርፊት ብቻ ነው፤ ቅርፊት ደግሞ ግንድ አይሸከምም። ግንዶቹ በወፈሩ ቁጥር እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ከባላው ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ ያበጠ ነገር ካለ፣ ዛፉ ድክመቱን ለማካካስ እንጨት እየጨመረ ነው። ቁልቁል የወረደ ስንጥቅ ወይም በመገናኛው ላይ የበቀለ እንጉዳይ ከታየ ነገሩ የባለሙያ ነው።

ለጋ ዛፍ ላይ ሥራው ቀላል ነው፦ ደካማውን ግንድ መቁረጥ። ወፈር ካለ በአንዴ ከመገንደስ፣ በሁለት ሦስት ዓመት ደረጃ በደረጃ እያሳጠሩ ወደ ኋላ ማስቀረት ይሻላል። በትልቅ ዛፍ ላይ ጫፎቹን ወደ ጎን የወጣ ቅርንጫፍ እስካለበት ድረስ ማሳጠር ክብደት ይቀንሳል፤ በአንድ ጊዜ ከቅጠሉ ሩብ በላይ ግን አይነሳ። አናቱን መቀንጠስ የባሰ ነው፤ ከቁራጩ ላይ የሚፈላው ቀንበጥ አያያዙ ደካማ ነውና።

ሁለቱን ግንዶች የሚያያይዝ ገመድ የግድ ካስፈለገ ቦታው ባላው ላይ አይደለም፤ ከባላው እስከ ጫፍ ካለው ቁመት ሁለት ሦስተኛው ላይ ነው። ግንዶቹ ይበሱና ቀለበት ያለው ብሎን ከወዲያ ወዲህ ያልፋል፣ ከጀርባው በሮንዴላና በዳዶ ይጠብቃል፤ የብረት ገመዱ በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ይዘረጋል። ባላው ከተሰነጠቀ ገመዱ ብቻውን አይበቃም፤ ስንጥቁን አቋርጦ የሚያልፍ፣ እንደ ብሎን ጥርስ ያለው የብረት ዘንግም ይጨመራል። ይህ መሰላል ተደግፎ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ከተሠራም በኋላ በየዓመቱ ይታያል።

ሥራው እስኪሠራ ድረስ ከዛፉ ሥር ያለው መኪናም አግዳሚ ወንበርም ይነሳ። ከግንዶቹ በአንዱ ላይ የልጆች ዥዋዥዌ ከታሰረ ዛሬውኑ ይፈታ።