ሳትቆጥሪ መድረክ እንዳትወጪ

ይድረስ ፍራንክፈርት ላለችው ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አክስትሽ እሁድ ዕለት ደውላ ነበር። ዲሴምበር 21፣ በአሜሪካዊው ጊታሪስትና አቀናባሪ በፍራንክ ዛፓ የልደት ቀን፣ «ዘ ብላክ ፔጅ» የተባለውን ሙዚቃውን እንጫወታለን ብላችሁ ማስታወቂያ እንደለጠፋችሁ፣ ልምምዱ ግን ገና መጀመሩ እንደሆነ ነገረችኝ። ከባንዳችሁ ቤዝ ተጫዋች ጋርም ተኳርፋችኋል አለች። እንቅልፍም የላትም አለች። አባትሽ ሰምቶ ዝም አለ። የአባትሽን ዝምታ ታውቂዋለሽ።

ዛፓን በመውደድሽ አልቆጣሽም፤ ደስ ይለኛል እንጂ። ግን አደራሽን፣ ሳትቆጥሪ መድረክ እንዳትወጪ።

ሰው ዛፓን ሲያነሳ ጢሙን፣ ስድ ግጥሙን፣ በ1963 ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ብስክሌት እንደ ሙዚቃ መሣሪያ መጫወቱን ያወራል። እውነተኛ አድናቂዎቹ የሚወዱት ግን ከዚህ ሥር ያለውን ሥርዓት ነው። መድረክ ላይ ጣቱን በጭንቅላቱ ቀኝ በኩል አድርጎ የራስታ ጸጉር እንደሚገምድ ሰው ሲያዞር፣ ባንዱ የያዘውን ሙዚቃ ሳያቋርጥ ወደ ሬጌ ይገባል። በሁለቱም በኩል ካዞረ ወደ ስካ፣ ወደ ሌላው የጃማይካ ሙዚቃ። ተመልካቹ ድንገት የመጣ እብደት ይመስለዋል፤ ባንዱ ግን እያንዳንዱን ምልክት በልምምድ አጥንቶታል። ዕፅም ከባንዱ ከልክሎ ነበር፤ ራሱ የነበረበት ሱስ ሲጋራና ቡና ነው። እብድ መምሰል ቀላል ነው፣ የኔ እናት። መቁጠር ነው የሚከብደው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። «ዘ ብላክ ፔጅ»ን በ1976 ለድራም ተጫዋቹ ለቴሪ ቦዚዮ ሲጽፈው መጀመሪያ የድራም ብቻ ነበር፤ ዜማው በኋላ ነው የመጣው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ኒው ዮርክ ፓላዲየም ውስጥ የተቀረጸውን ደጋግመሽ ስሚው፤ የሩት አንደርውድን እጅ እዚያ ታገኚዋለሽ፣ እሷም እንዳንቺ የእንጨት ቁልፎቹ በዱላ የሚመቱትን ማሪምባ የምትጫወት፣ በክላሲካል ትምህርት ያደገች ናት። ሙዚቃው ከላይ እስከ ታች በአራት ምት ነው፣ ምቱ አይለወጥም። የሚያስቸግረው ምቱ ውስጥ ያለው አከፋፈል ነው። በሁለት ምት ቦታ ሦስት እኩል ምት ይገባል፤ ከሦስቱ የመጀመሪያው ለአምስት፣ ሁለተኛው ለአምስት፣ ሦስተኛው ለስድስት ይከፈላል። መደምደሚያው ላይ ደግሞ ይኸው ከመጣ በኋላ በአንድ ምት ውስጥ አሥራ አንድ ኖታ፣ እንደገና አሥራ አንድ ይከተላል።

ምት ቆጣሪውን ሜትሮኖም 40 ላይ አድርጊው፤ በደቂቃ 40 ምት ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ሁለት ምት ልክ ሦስት ሰከንድ ይፈጃል፤ ስለዚህ ሦስቱ ምቶች በየሰከንዱ አንድ አንድ ይወድቃሉ ማለት ነው። እግርሽ 40ውን ይያዝ፣ እጅሽ ሦስቱን ብቻ ይምታ። አምስቱንና ስድስቱን ገና አትንኪያቸው። ሦስቱ ሳይንገዳገዱ ሲጸኑልሽ በአፍሽ ጨምሪ፦ አ-ዲስ-አ-በ-ባ፣ አ-ዲስ-አ-በ-ባ፣ አ-ዲስ-አ-በ-ባ-ችን። አምስት፣ አምስት፣ ስድስት። የየመጀመሪያዋ «አ» ከሰከንዱ ጋር እኩል ትውደቅ። አፍሽ ያልቻለውን እጅሽ አይችለውም፤ አፍሽ ሳይቆጥር ዱላ አታንሺ።

የሚበላሸው እንዲህ ነው። አምስት፣ አምስትና ስድስት ሲደመር አሥራ ስድስት ነው፤ እጅ ሲደክም አሥራ ስድስቱንም እኩል አድርጎ ያፈሰዋል። ለሰሚ ያው ይመስላል። ግን ሁለተኛው አምስት ከቦታው ትንሽ ቀድሞ ይገባል፣ ስድስቱ ከዚያም የበለጠ ይቀድማል፣ ድራሙና ያንቺ ማሪምባ ይለያያሉ፤ ከዚያ አንዱ ሌላውን ለመያዝ ሲሮጥ ምቱ ራሱ ይፈርሳል። ስለዚህ ራስሽን ቅረጪና የስድስቱን መግቢያ ብቻ አዳምጪ። አሥራ አንዱን አራት፣ አራት፣ ሦስት ብለሽ ተማሪው፤ ሲገባሽ ግን ንዑስ አክሰንቶቹን፣ የየቡድኑን መጀመሪያ ጠንከር አድርጎ መምታቱን፣ አጥፊያቸው፣ አለዚያ ሦስት የተቆራረጠ ነገር ሆኖ ይሰማል። ከ40 ወደ 60 በአራት በአራት ውጪ። ከተሰናከልሽ አንድ ሳይሆን ሁለት ደረጃ ውረጂ።

ማሪምባሽን ከድራሙ አርቂው። አጠገቡ ካቆምሽው ማይክሮፎኑ ሲምባሉን ይለቅማል፤ የአንቺ ድምፅ ከፍ ሲደረግ ሲምባሉም አብሮ ከፍ ይላል። የጆሮ መከላከያ ለልምምድም አድርጊ፣ ለመድረክ ብቻ አይደለም። መሣሪያውን ደግሞ ብቻሽን ደረጃ እንዳታወጪ፤ ወገብሽን ታውቂያለሽ።

ስለ ቤዝ ተጫዋቹ። የ1988ቱን ባንድ ነገር ታውቂዋለሽ፣ ግን አሁን በሌላ ጆሮ ስሚኝ። ዛፓ ከራሱ ጋር አሥራ ሁለት ሆነው፣ አምስቱ ነፊዎች፣ አራት ወር ገደማ ተለማመዱ። ከመቶ በላይ ሙዚቃ በእጃቸው ነበር። የሌድ ዘፐሊንን «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» ሲጫወቱ የጊታሩን ሶሎ አምስቱ ነፊዎች ኖታ በኖታ ይነፉት ነበር። እንዲህ ያለ ባንድ! ዛፓ በሌለበት ልምምዱን የሚመራው ቤዝ ተጫዋቹ ስኮት ቱንስ ነበር፤ በእሱና በሌሎቹ መካከል ቅሬታው እያደገ ሄደና አብዛኞቹ ከእሱ ጋር መቀጠል አንፈልግም አሉ። አዲስ ቤዝ ተጫዋች አምጥቶ ያን ሁሉ ሙዚቃ ማስጠናት ደግሞ ሌላ ወራት ይጠይቃል። ዛፓ የቀረውን ጉዞ ሰረዘው። ጁን ላይ ጣሊያን፣ ጄኖቫ፣ የመጨረሻቸው ሆነ። ገና ያልደረሱባቸው የአሜሪካ ከተሞች ያን ባንድ ሳያዩት ቀሩ። ዛፓም ከዚያ በኋላ ባንድ ይዞ ለጉብኝት አልወጣም። በ1990 ካንሰር እንዳለበት ታወቀ፤ ዲሴምበር 4፣ 1993 በ52 ዓመቱ ሞተ። ያ ሁሉ ልምምድ፣ ያ ሁሉ እጅ፣ በኩርፊያ ተበተነ። ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ያው በሽታው ላይ ሳለ ነው በ1992 ሴፕቴምበር በአንቺው ከተማ፣ በአልቴ ኦፐር አዳራሽ፣ ኤንሴምብል ሞደርን የተባለው የዘመናዊ ሙዚቃ ቡድን ሥራዎቹን ያቀረበለት። በ1986ቱ «ጃዝ ፍሮም ሄል» አልበም ላይ ሲንክላቪየር በሚባል የኮምፒውተር ሙዚቃ መሣሪያ ብቻ የሠራውን፣ ለሰው እጅ አይሆንም ይባል የነበረውን ሙዚቃ፣ ሰዎች በእጃቸው ተጫወቱት፤ እሱም ቆሞ መራቸው። ለዚያ ዝግጅት ሙዚቀኞቹ አስቀድመው በ1991 ሎስ አንጀለስ ድረስ ሄደው አብረውት ሠርተዋል። እናንተ በጥቂት ሳምንት? አይሆንም፣ ልጄ። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ሙዚቃ ቀይሩት፤ ማንም አይታዘባችሁም። ሌላውን የዛፓ ሥራ «ፒችስ ኤን ረጋሊያ»ን አቅርቡ፣ ብላክ ፔጅን ለመጪው ዓመት ያዙት። ሳትቆጥሪ መድረክ እንዳትወጪ ስልሽ ሦስተኛዬ ነው፣ አራተኛ አታስብይኝ።

የዛፓ እናት ለ15ኛ ልደቱ አምስት ዶላር ልታወጣለት ብትል፣ በስጦታ ፈንታ ለአቀናባሪው ለኤድጋር ቫሬዝ የሩቅ ስልክ መደወል ይፈቀድልኝ ብሎ ጠየቃት። ፈቀደችለት። ቫሬዝ አልነበረም፣ ሚስቱ አነጋገረችው። እኔም ለኖታው የሚሆን ገንዘብ በአክስትሽ በኩል ልኬልሻለሁ። የታተመውን ኖታ ግዢበት፤ ሰው በጆሮው ገልብጦ ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጠውን አትመኚ፣ አምስትና ስድስቱ ላይ ነው ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት። ከገንዘቡ የተረፈው ለክረምት ጫማ ነው፣ ለሌላ እንዳታውዪው።

ለቤዝ ተጫዋቹ ዛሬውኑ ደውዪለት፤ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ አታንሺበት፣ የልምምድ ሰዓት ብቻ ተነጋገሩ። ከዚያ ሁለታችሁ ብቻችሁን ሦስቱን ምት በ40 ተጫወቱና ቀረጻውን እስከ ሐሙስ ላኩልኝ። የምሰማው የስድስቱን መግቢያ ነው።

እናትሽ