ልጆቹ መሰንቆ አልጠሉም፣ ወንበር ነው ያጡት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ «እዚህ አሜሪካ ያደጉ ልጆቻችን የባህል ሙዚቃ አይወዱም፤ መሰንቆና ክራር ከእኛ ጋር አብሮ ያልቃል» ብለው ጽፈው ነበር። ከልባቸው አዝነው እንደጻፉ ያስታውቃል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ለምን እንዳልተዋጠልኝ ለመናገር መጀመሪያ ስለ አንድ የፈረንጅ ገጠር ፌስቲቫል ማውራት አለብኝ። ዞሬ እመጣለሁ፣ ታገሡኝ።

ነገሩ የተጀመረው ሥራ ቦታ ነው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ አለ፣ የደቡብ ምዕራብ ቨርጂኒያ የተራራ አገር ሰው። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬ ላይ የመሰንቆ ቪዲዮ ስመለከት በትከሻዬ በኩል አጎንብሶ አየና «ይሄማ ፊድል ነው!» አለኝ። ፊድል የሚሉት ቫዮሊንን ነው፤ ዕቃው ያው ሆኖ አጨዋወቱ ነው የሚለየው። አንድ ጭራ ብቻ ነው ያለው ስለው አላመነኝም። ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ «በኦክቶበር እኛ አገር መምጣት አለብህ» አለ። እሺ አልኩት። እንዲህ ዓይነቱ እሺ እሺ እንዳልሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እሱ ግን አላወቀም፣ ሰባት ቀን ሲቀረው ደወለ።

ባለቤቴ «እዚያ ምን ልንሠራ ነው? እኛን የሚመስል አንድ ሰው ይኖራል?» አለች። እውነት ለመናገር እኔም ሆዴ ውስጥ ያለው ያው ጥያቄ ነበር። መንገድ ላይም እሷን ለብዙ ማይል ዝም ያሰኘ አንድ የኮንፌደሬት ባንዲራ፣ ለባርነት የተዋጉት የደቡብ ግዛቶች ባንዲራ፣ አልፈናል። ብቻ ሁለቱን ልጆች ከኋላ ጭነን ከአሌክሳንድሪያ በጠዋት ተነሳን፤ 81 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ወደ ደቡብ፣ ሮአኖክን አልፈን፣ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነድተን ፌረም ገባን። ፌረም ትንሽ ናት፣ በብሉ ሪጅ ተራሮች ሥር ያለች የኮሌጅ ከተማ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ኮሌጁ ግቢ ውስጥ የብሉ ሪጅ ፎክላይፍ ፌስቲቫል የሚባል ይደረጋል፣ የኦክቶበር አራተኛው ቅዳሜ ላይ። ቅጠሉ የሚቀላበት ጊዜ ነው። ስለ ቅጠሉ አልጽፍም፣ ፎቶውን ሁላችሁም ፌስቡክ ላይ ለጥፋችኋል።

መጀመሪያ የተቀበለን ሙዚቃ ሳይሆን ጭስ ነው። ግዙፍ የመዳብ ድስት እሳት ላይ ተጥዶ ፖም ይፈላል፤ ቀኑን ሙሉ ሲንተከተክ ይውልና ጠቁሮ እንደ ማርማላታ ይሆናል። ማማሰያው ከሰው ቁመት የሚረዝም እጀታ አለው፣ የሚያማስለው ሰው ከእሳቱ እንዲርቅ። ባለቤቴ አንድ አምስት ደቂቃ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ አልቻለችም፣ ማማሰያውን ተቀበለቻቸው። ያን ሁሉ መንገድ «ምን ልንሠራ ነው» ያለችው ሴት፣ ሥሩን እንዳያር ከታች እየገፋች፣ ልክ እንደ ዶሮ ወጥ ሽንኩርት እያማሰለች ስታዝ ተገኘች! ትንሽ እልፍ ሲል ደግሞ አገዳ እየጨመቁ ውሃውን አፍልተው ሽሮፕ ያወጣሉ። ልጄ አገዳውን አንስታ «ሸንኮራ ነው?» አለችኝ። ቀመስኩት። እናቴ ትሙት፣ ጥንቅሽ ነው! ማሽላ ከአፍሪካ የሄደ እህል መሆኑን አውቅ ነበር፤ ፌረም ላይ ጥንቅሽ አገኛለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም።

አሁን ወደ ሙዚቃው። ሁለት ነገር እንደሆነ ያስረዳኝ ያው የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ እኔ አንድ ይመስለኝ ነበር። አንደኛው የድሮው የተራራ ሙዚቃ ነው፤ ፊድልና ባንጆ (ቆዳ የተወጠረበት ባለ ክር ዕቃ)፣ ለጭፈራ የሚሆን፣ ማን እንደደረሰው የማይታወቅ። ሁለተኛው ብሉግራስ ነው፣ ይሄ ደግሞ እንደምናስበው ጥንታዊ አይደለም። የኬንተኪው ቢል ሞንሮ፣ ማንዶሊን ተጫዋቹ፣ ብሉ ግራስ ቦይስ የሚል ባንድ ነበረው፤ ስሙ ከዚያ ነው የመጣው። በ1945 መጨረሻ ኧርል ስክራግስ የሚባል ወጣት በሦስት ጣት የሚወነጨፍ ባንጆውን ይዞ ሲገባ ነው ዛሬ የምንሰማው ድምፅ የተስተካከለው። እኛ አርባ ልጆች የተባሉትን ወላጅ አልባ አርመናውያን ሙዚቀኞች ከኢየሩሳሌም ያመጣነው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1924 ነው። አስቡት፣ ከአርባ ልጆች ሃያ ዓመት የሚያንስ ሙዚቃ ነው! ለብዙ ቀን የሚቆይ የመጀመሪያው የብሉግራስ ፌስቲቫል የተደረገው ደግሞ በ1965 ፊንካስል ነው፣ ከሮአኖክ በስተሰሜን፣ በመንገዳችን አጠገብ ያለፍናት ትንሽ ከተማ፣ የፈረስ እርሻ ላይ።

መድረኩ ላይ ያሉት ጎበዞች ናቸው፣ ጣታቸው አይታይም። እኔን የያዘኝ ግን መድረኩ አይደለም። ከመድረኩ ራቅ ብሎ፣ ዛፍ ሥር፣ ሰባት ስምንት ሰዎች ታጣፊ ወንበር ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ማይክ የለም። ስፒከር የለም። «አሁን የምጋብዝላችሁ» የሚል ሰው የለም። አንዲት ሴትዮ በፊድል ትጀምራለች፣ ሌሎቹ ተከትለው ይገባሉ። አንድ ዜማ ነው። ያንኑ ዜማ ደግመው፣ ደጋግመው፣ አሥር ጊዜ ይሁን አሥራ አምስት እንጃ። ሦስተኛው ዙር ላይ ሰለቸኝ። ስድስተኛው ላይ እግሬ መሬት መምታት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ጭራሽ እንዳያቆሙ ፈራሁ፤ ዜማውም አምስት ድምፅ ብቻ ስለነበረው ትዝታ ትዝታ ይለኝ ጀመር። ድንገት ሴትዮዋ አንድ እግሯን ከመሬት አነሳች። ቃል አልተናገረችም። ዙሩ ሲያልቅ ሁሉም እኩል ዝም አሉ። ለካ እግር ማንሳት «እዚህ ላይ እናቁም» ማለት ነው።

ሥርዓት አለው። የሚችሉት ከውስጥ ይቀመጣሉ። የሚማሩት ከጀርባቸው ሁለተኛ ረድፍ ይሠራሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የፊተኞቹን እጅ እያዩ ይከተላሉ። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ጊታር ይዞ ሽማግሌ ጀርባ ተቀምጦ ነበር፤ ግማሹን ይስታል። ማንም ዞሮ አላየውም፣ ማንም አላረመውም። ሽማግሌው ግን የራሱን ጊታር አንገት ቀስ ብሎ ወደ ልጁ አዘነበለ፣ የግራ እጁን እንዲያይ። በቃ ይሄው ነው ትምህርቱ።

የእኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ዳር ላይ ቆሞ ነበር። አንዱ ሰውዬ ባንጆውን ሳያቆም በእግሩ ባዶ ወንበር ወደ እሱ ገፋለት። ልጁ ተቀመጠ። ምንም አልጠየቁትም፣ ከየት ነህ እንኳ አላሉትም። አንድ ሰዓት ተቀመጠ። ስልኩን አላወጣም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሌላችሁ አንባቢዎች ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አይገባችሁም፣ እለፉት።

ስለ ባንጆው ግን ሳልናገር አላልፍም። እኔ ባንጆ የነጭ ገጠሬ ዕቃ ይመስለኝ ነበር፣ ፊልም ላይ ያየሁት እንደዚያ ነው። ባንጆ የአፍሪካ ነው። ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙት ሰዎች ናቸው ቅል ላይ ቆዳ ወጥረው የሠሩት፤ ሴኔጋልና ጋምቢያ ውስጥ ጆላዎች እስከ ዛሬ የሚጫወቱት አኮንቲንግ የሚባል ዘመዱ አለ። ያቺ በአውራ ጣት የምትመታው አጭሯ ክር አኮንቲንግም ላይ አለች። ቢል ሞንሮም በልጅነቱ አርኖልድ ሹልትዝ ከሚባል ጥቁር ጊታሪስት ጋር ጭፈራ ቤት ለጭፈራ ቤት ተጫውቷል፣ ራሱ በአደባባይ ይናገር ነበር። በ1927 ብሪስቶል ላይ ዘፈናቸው በሸክላ የተቀረጸው የካርተር ቤተሰብ ዘፋኞችም ዘፈን ሲያሰባስቡ ኤ ፒ ካርተር ቃሉን ይጽፋል፣ ዜማውን በጭንቅላቱ ይዞ የሚመለሰው ሌስሊ ሪድል የሚባል ጥቁር ሙዚቀኛ ነበር። የሸክላ ኩባንያዎቹ ናቸው በ1920ዎቹ የነጭ ካታሎግ፣ የጥቁር ካታሎግ ብለው ለሁለት የከፈሉት። ይሄን ለባለቤቴ ስመለስ በመንገድ ላይ ነገርኳት፤ «ታዲያ ወደ ዘመድ ቤት ነበራ የሄድነው» አለች፣ ጭኗ ላይ የፖም ማርማላታ ታቅፋ።

ሌላም አለ፣ የጻፉትን አንባቢ በቀጥታ የሚመለከት። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ጆ ቶምሰን የሚባሉ ጥቁር ፊድለኛ ነበሩ፣ በ1918 የተወለዱ። በ2005 አካባቢ፣ ሰማንያ አምስት ዓመት አልፏቸው ሳለ፣ ሦስት ጥቁር ወጣቶች በየሳምንቱ ቤታቸው እየሄዱ አብረዋቸው እየተጫወቱ ተማሩ። ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ የተባለው ባንድ ከዚያ ሳሎን ነው የወጣው፤ በ2011 ግራሚ ወሰዱ። ያንን ሙዚቃ ልጆች አይወዱትም፣ ጥቁር ልጆች ደግሞ ጭራሽ አይነኩትም ይባል ነበር።

አሁን ወደ እኛው ልምጣ።

ባለፈው የዘመን መለወጫ ዝግጅት አዳራሽ ውስጥ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጥሪው ለምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው፣ የተጀመረው አምስት ሰዓት ነው። መሰንቆ ተጫዋቹ ከሌላ ስቴት ድረስ መጥቷል። ወጥ ቤቱ በር አጠገብ አስቀምጠነው ትሪ የያዘ ሁሉ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ ይገፋዋል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተጠራ። ሁለት ዘፈን ተሰጠው። ማይኩ ሲጮህ፣ ሲያፏጭ፣ ሲስተካከል አንዱ ዘፈን አለቀ። ልጆቻችን በዚያ ሰዓት ሁለት ወንበር ገጥመን፣ ጃኬት አልብሰናቸው ተኝተዋል። ሰውዬው ወርዶ መሰንቆውን በጨርቅ እየጠቀለለ ሳለ ኪቦርዲስቱ አንዲት ቁልፍ ነካና የመሰንቆ ድምፅ በኪቦርድ አወጣ። አዳራሹ ተነሥቶ ጨፈረ።

ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ከአዘጋጆቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ፕሮግራሙን የጻፍኩት በእጄ ነው።

ታዲያ ልጆቹ መቼ ሰሙትና ነው የጠሉት? አዝማሪ ቤት የሚያውቅ ሰው ያውቃል፣ መሰንቆ የመድረክ ነገር አይደለም። አዝማሪው አጠገብህ መጥቶ «ተቀበል» ይልሃል፣ ግጥሙን የምትወረውረው አንተ ነህ፣ እሱ ተቀብሎ ያዜመዋል፣ ጎረቤትህ ደግሞ ይመልስልሃል፣ ቤቱ በሙሉ ነው የሚጫወተው። ክርን ለክርን ተቀምጦ ነው የሚሆነው። እኛ ያን ወስደን ሰው በማያየው ርቀት ላይ ሰቀልነው፣ ስፒከር አፍ ውስጥ ከተትነው፣ ከዚያ ልጆቹ አይወዱም አልን። ቤቴ ግድግዳ ላይ አንድ መሰንቆ ተሰቅሏል፣ ከአዲስ አበባ ሻንጣ ውስጥ ጠቅልዬ ያመጣሁት፤ ቆዳው ላላ ብሏል፣ ደጋኑ ላይ ሸረሪት አድርታለች። ከፌረም በተመለስን ማግስት ልጄ አውርዶ አንድ ድምፅ አወጣበት። የበር ማጠፊያ ይመስላል። እስካሁንም የበር ማጠፊያ ይመስላል፣ ግን አልሰቀለውም።

እዚያም ሁሉም ነገር አልጋ ባልጋ አይደለም። ክቡ ውስጥ ከነበሩት ግማሾቹ ፀጉራቸው ነጭ ነው፣ ባልደረባዬም «ወጣቶቹ ወደ ከተማ ሄዱብን» ብሎ የእኛን አንባቢ የመሰለ ንግግር ተናግሯል። ልዩነቱ ወንበሩን ገፋ ማድረጉን አለመተዋቸው ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ለማኅበሮቻችን፦ የሚመጣው መስከረም ላይ ማታው እንዳለ ይሁን፣ ዲጄውም ይኑር፣ እኔም እጨፍራለሁ። ግን ከሰዓት በኋላ፣ በብርሃን፣ ልጆች ሳይተኙ፣ አንድ ዐሥራ ሁለት ወንበር ክብ አድርገን እናስቀምጥ። መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ። ማይክ አይግባ። የሚችል ከፊት፣ የሚማር ከኋላ። የሚስት ይሳት። ለመሰንቆ ተጫዋቹም እንደ ኪቦርዲስቱ ይከፈለው፣ ይሄን በደማቁ አትሙልኝ።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ደግሞ፦ «ባለ አንድ መኝታ ቤት ይከራያል» የምትሉበት ገጽ ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ስጡን። መሰንቆ ወይም ክራር የሚያስተምር፣ የሚጠግን፣ ተሰቅሎ የተረሳ ዕቃ ያለው ሰው በነፃ ያስነግር። አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እንደዚህ ያለ ሰው አለ፤ ጎረቤቱ እንኳ ስለማያውቅ ነው።

ለጻፉት አንባቢ፦ አባቴ ይሁኑ ወንድሜ አላውቅም፣ እንዳይቀየሙኝ። የኦክቶበር አራተኛው ቅዳሜ ሲደርስ እኛ ተመልሰን እንሄዳለን። የወንድሜን ቫን ስለምዋስ ሦስት ሰው የሚይዝ ቦታ አለ። አዘጋጁ አድራሻዬን ይሰጥዎታል። የምንነሳው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ ቡና በፔርሙስ ይኖራል፣ መሰንቆ ይዞ ለሚመጣ የፊተኛው ወንበር የእሱ ነው፤ ባለቤቴ ከኋላ ለመቀመጥ ተስማምታለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ