ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር፦ የጥራት ድጋፉ ከመለኪያው ይጀምር

ጉዳዩ፦ ለኮምቦልቻና ለደሴ አምራቾች የካሊብሬሽን (የመለኪያ መሣሪያን ትክክለኛነት የማረጋገጥ) አገልግሎት በቅርብ እንዲደርስ ስለመጠየቅ

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የቆርቆሮ ፋብሪካ በጥራት ቁጥጥር ሥራ ላይ ያለሁ ባለሙያ ነኝ። ከተማችን ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረትና ቢራ ስታመርት የኖረች፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህም የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት በመሆኗ፣ የአይኤስኦ 9001 (የዓለም አቀፉ የጥራት ሥራ አመራር ደረጃ) ሰርተፍኬት ነገር በየፋብሪካው የሚነሳ ጉዳይ ነው። መለኪያዎችን የሚያረጋግጠው የሥነ ልክ ተቋምና ምርት ደረጃውን ማሟላቱን የሚመዝነው የተስማሚነት ምዘና ተቋም ተጠሪነታቸው ለሚኒስቴሩ ስለሆነ ጥያቄዬን ለእናንተ አቀርባለሁ።

ባለፈው ዓመት ደሴ ፒያሳ የሚነግዱ አንድ አዛውንት ደንበኛችን ሁለት ቆርቆሮ አስጭነው መጡና «ይኼ የበፊቱ አይደለም፤ ምስማር ስንመታበት ይሰረጉዳል» አሉን። መዝገባችን ውፍረቱ ልክ ነው ይላል። ውፍረት የምንለካበትን ማይክሮሜትር ባዶውን ገጥመን ስናነበው ግን ዜሮ ላይ መቆም ሲገባው 0.03 ሚሊ ሜትር አሳየ። ለወፍራም ላሜራ ይህ ኢምንት ነው፤ ለቤት ክዳን ቆርቆሮ ግን ከመዘገብነው የሳሳ ምርት ለወራት ስንሸጥ ኖረናል ማለት ነው። መሣሪያው ላይ የተለጠፈው የካሊብሬሽን ምልክት ጊዜው ካለፈ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። በዚያው ሰሞን የተሞላው የውስጥ ኦዲት ቅጽ «የመለኪያ መሣሪያዎች፦ ተሟልቷል» ይላል፤ ፊርማው የእኔ ነው።

ለዚህ ያበቃን ለሰርተፍኬቱ ያደረግነው ዝግጅት ሁሉ ሰነድ ላይ መዋሉ ነው። በአማካሪ የተዘጋጀልን ማኑዋል፣ ቆርቆሮ ለምናመርተው ለእኛ፣ አንዱ ገጹ ስለ ሳሙና ማብሰያ ጋን ያትታል። በ2015 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው አይኤስኦ 9001 የጥራት ማኑዋል የግድ ይኑር የሚለውን ያስቀረ ቢሆንም፣ ብዙዎቻችን ገንዘባችንን ዛሬም የምናፈስሰው እዚያው ላይ ነው። ቆርቆሮው ስንት ሚሊ ሜትር ይሁን የሚለውን የሚወስነው የምርቱ ደረጃ ነው፤ አይኤስኦ 9001 የሚጠይቀን ያንን መጠበቃችንን በምን እንደምናውቅ ነው። ስለዚህም ልኬት ወሳኝ በሆነበት ሥራ መሣሪያው በየጊዜው ከብሔራዊ ወይም ከዓለም አቀፍ ልኬት ጋር እየተመሳከረ እንዲረጋገጥ፣ ተሳስቶ ከተገኘም ቀድሞ የተለካው ውጤት የሚታመን መሆን አለመሆኑ ተመርምሮ ተገቢው እርምጃ እንዲወሰድ ያዛል። እኛም የተሸጠውን ቆርቆሮ ከየሱቁ ፈልገን ለመተካት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል።

ማይክሮሜትር በቦርሳ ተይዞ አዲስ አበባ ይደርሳል። የጥቅል ብረት የምንመዝንበትን ትልቅ ሚዛን ግን ነቅሎ መውሰድ ስለማይቻል ባለሙያው ነው መምጣት ያለበት፤ ለአንድ ሚዛን ሲባል ደግሞ የወደ 380 ኪሎ ሜትር ጉዞ አበልና የመኪና ወጪ ለአንድ አነስተኛ ፋብሪካ ይከብደዋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ብዙ ንብረታቸው ተዘርፎ ሥራቸውን እንደ አዲስ ለጀመሩት የአካባቢያችን አምራቾች ሸክሙ ድርብ ነው።

ስለዚህ የካሊብሬሽን ቡድን ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አስቀድሞ በታወቀ ቀን፣ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ እንዲመጣ፣ የጉዞ ወጪውም ለተመዘገቡት ፋብሪካዎች እንዲከፋፈል እጠይቃለሁ። ለአምራቾች የሚሰጥ የሰርተፍኬት ድጋፍ ካለም ከሰነድ ዝግጅት በፊት ለመለኪያና ለውስጥ ኦዲተሮች ሥልጠና ይዋል። የመንግሥት ጨረታ ኮሚቴዎችም የሰርተፍኬት ፎቶ ኮፒ ተቀብለው ከማለፍ ይልቅ፣ ሰርተፍኬቱ በሚጸናባቸው ሦስት ዓመታት ውስጥ ዓመታዊው የክትትል ኦዲት መካሄዱን እንዲጠይቁ ቢታዘዙ፣ እኔ እንዳደረግሁት ሳያዩ መፈረም የሚቀንስ ይመስለኛል።

የጎረቤት ፋብሪካዎችን ሚዛኖችና መለኪያዎች ከነመለኪያ አቅማቸው መዝግቤ ለማቅረብ ፈቃደኛ ነኝ፤ ቡድኑ በሚመጣበት ቀንም ማሽን አቁመን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር
ከኮምቦልቻ