ሐይቅና ፏፏቴ ፍለጋ በአምቦ መንገድም ይኬዳል

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ስለ ሐይቆቻችን በጉዞ አምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ ባነብም፣ እንደ ወትሮው ከቢሾፍቱ ተነስቶ በዝዋይና በላንጋኖ አድርጎ ሐዋሳ ላይ ማብቃቱ ቅር አሰኝቶኛል። ከአዲስ አበባ በአምቦ ወጥቶ በወሊሶ የሚመለሰው መንገድ ከዚያ የሚያንስ አይደለም።

ከአምቦ ጥቂት አለፍ ብሎ የሚገኘው የጉደር ፏፏቴ (ብዙዎቻችን ስሙን የምናውቀው ከወይን ጠጁ ነው) በበጋ ስስ ቢሆንም፣ ክረምቱ እንደወጣ ሲታይ ደፍርሶና ሞልቶ ይወርዳል። የጉዞው ዋና ነገር ግን ወንጪ ነው። በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛውን ይህን ሐይቅ፣ ከፍታው ከ3,300 ሜትር በላይ ከሆነው የተራራው ጫፍ ቁልቁል ሲያዩት፣ በእንሰት ማሳዎችና በገብስ እርሻዎች መካከል እየተጠማዘዘ የሚወርደው የፈረስ መንገድ እስከ ውኃው ዳር ይታያል፤ ከዚያም በጀልባ ወደ ቂርቆስ ገዳም ደሴት ይሻገሩበታል። ብርዱ ጋቢ የሚያስደርብ ስለሆነ በቀላል ልብስ መሄድ አይመከርም። ጊዜ ያለው ሰው በስምንት ቁጥር ቅርጽ የተያያዙትን የደንዲን መንታ ሐይቆችም ሊጨምር ይችላል።

ወንጪ በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁ በመስከረምና በጥቅምት ለሚወጡ እትሞች ይህን መንገድ እንዲያስብበት፣ የፈረስና የጀልባ ኪራይ ዋጋንም አጣርቶ እንዲያትም እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ