ሳይደክምሽ አረፍ በይ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ታናሼ ሁሉንም ነገረችኝ። እሑድ ቆመሽ አስቀድሰሽ፣ ተመልሰሽ ለእንግዳ ቡና አፍልተሽ፣ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ከአልጋ አልወረድሽም። በስልክ «እርጅና ነው» አልሽኝ። እማዬ፣ ኮሮና ከመያዝሽ በፊት እኮ የሰፈሩን ድግስ ቆመሽ የምታስተናግጂ ሰው ነበርሽ። ሰው በአንድ ክረምት እንዲህ አያረጅም።

እኔንም እንዲሁ ያደርገኝ ነበር፤ እንዳትጨነቂ ብዬ ደበቅሁሽ፣ ይቅር በይኝ። በአረጋውያን መጦሪያ ስሠራ ከያዘኝ በኋላ ሳሉ ለቀቀኝ፣ ድካሙ ግን ቀረ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ የማውቀው ሰው ስም ይጠፋብኛል። ሐኪሞቹ ሎንግ ኮቪድ ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳስቀመጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሕመሙ 3 ወር በኋላ የሚታይ፣ ቢያንስ 2 ወር የሚቆይና ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት ነው።

እዚህ እንግሊዝ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ለዚህ ሕመም የተከፈቱ ክሊኒኮች ነበሩ፤ አንዳንድ ቦታ ባለሙያዎቹ ቤት ድረስ ይመጡ ነበር። እኔ ዘንድ የመጣችው ሴት መድኃኒት አልያዘችም። ወጥ ቤት ገብታ «እንደ ወትሮሽ ሥሪ» አለችኝና ዝም ብላ አየችኝ። አራተኛው ሽንኩርት ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ። በሚቀጥለው ሳምንት ከፍ ያለ በርጩማ አመጣችልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ተቀምጬ ነው የምከትፈው። ቡናውንም ከፋፈልነው፦ ቅዳሜ እቆላለሁ፣ እሑድ ወቅጬ አፈላለሁ። እንዲህ ያለ ቡና አንቺ ዘንድ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ከታመምኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ በረካ ድረስ ከእንግዶቼ ጋር ተቀመጥሁ፤ ያን ቀን አለቀስሁ።

ከእሷ የተማርሁት ይህንን ነው። ድካሙ ብዙ ጊዜ ሥራው ላይ እያለሽ ሙሉ በሙሉ አይመጣም፤ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ነው የሚጥልሽ። ስለዚህ ማረፍ ያለብሽ ሲደክምሽ ሳይሆን ገና ደኅና ሳለሽ ነው። «ተነሺ፣ ተንቀሳቀሺ፣ ይለቅሻል» የሚሉሽ ወድደውሽ ነው፣ ግን አትስሚያቸው። እኔ ሰምቼ አንድ ወር አልጋ ላይ ከረምሁ።

አስቀድመሽ ግን ሐኪም ቤት ሂጂ። ደም ግፊትሽን፣ ስኳርሽን፣ ልብሽን ይዩልሽ፤ ደም ማነስም እንዲህ ያደክማል። ገንዘቡን ለታናሼ ልኬያለሁ። ቅዳሴ አትቅሪ፣ ነገር ግን ወንበር ይዘሽ ሂጂ፤ ቅዳሜ ልብስ አትጠቢ፣ የእሑዱን ቡና ታናሼ ታፍላ። አንቺ ቆሎውን ይዘሽ ተቀመጪ።

የዋልሽበትንና በማግስቱ የተሰማሽን በደብተር ትጻፍልሽ። እሑድ ማታ ስደውል ታነብልኛለች። አንቺ ጋደም ብለሽ አናግሪኝ።

ልጅሽ
ከሊድስ